ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንደኛዋ ሴት

እንደማታምኑኝ እምላለሁ። እኔ ራሴ መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም፤ ኋላም ያመንኩት መጠራጠሩ ስለደከመኝ ነው። ከመካከላችሁ «ይኼስ እውነት ነው» የሚል ሰው ከተገኘ ግን ያዙልኝ፤ የዚያ አገር ተወላጅ መሆን አለበት።

አገሩ ስም አልነበረውም። ስም እናውጣለት ሲባል ስድስቱ ቤቶች አልስማማ ስላሉ፣ በስም ፈንታ ቁጥር ተሰጠው። «አገርህ ወዴት ነው?» ያሉት ሰው ደረቱን ነፍቶ «ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ!» ይላል። የአገሩ ስምም እሱው፣ የሕዝቡም ብዛት እሱው ነው። ሲምሉም በሱ ነው፤ ሕፃን ሲያስነጥስም «ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ ይማርህ» ይላሉ። ቁጥሩ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የቤት ግድግዳ በሚያህል ቋጥኝ ላይ ተቀርጿል። እንግዲህ ቋጥኝ ላይ የተቀረጸ ነገር ማን ይፍቃል? ድንጋዩን ከማስተካከል ሰዉን ማስተካከል ይቀላል ተባለና ሕግ ወጣ። ያለ ሞት መወለድ ክልክል፣ ያለ ልደት መሞትም ክልክል ሆነ።

እና ምጥ የያዛት ሴት የታመመ ወዳለበት ቤት ሰው ትልካለች።

«አባባ፣ እንዴት አደሩ? ምን ወሰኑ?»

ሽማግሌው ከመደቡ ቀና ብሎ፣ «ኧረ ዛሬስ ሻል ብሎኛል፤ እስከ ማክሰኞ ትታገሠኝ በሏት» ይላል። እሷም ጥርሷን ነክሳ ትታገሣለች፣ እሱም ማክሰኞ ቃሉን አክብሮ ይሞታል። ቃሉን ያጠፈ ሽማግሌ ካለ ልጆቹ ገበያ የሚወጡት ፊታቸውን ተከናንበው ነው።

አሁን ስለ ስድስቱ ቤቶች ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከነሱ ነው። ያንን አገር ያቀኑት ስድስት አባቶች ናቸው ይባላል። አንዱ ከሚስቱ ጋር መጣ፤ ሁለት ነበሩ። ሌላው ሚስቱንና እናቱን አስከትሎ ሦስት ሆኖ መጣ። ሌላው አምስት፣ ሌላው ሰባት፣ ሌላው ዐሥራ አንድ፣ የመጨረሻው ደግሞ አማቶቹ አንለይህም ብለውት ዐሥራ ሦስት ሆኖ መጣ። አባቶቹ ራሳቸው እንኳ ነገሬ ያሉት አይመስለኝም። የልጅ ልጆቻቸው ግን፣ ሰው ከሰው ጋር መኖር ያለበት በአያታችን ልክ ነው አሉ። የሁለት ቤት ሰው «ዓይንህን አታይም? ሰው ጥንድ ነው» ይላል። የሦስት ቤት ሰው ጉልቻውን ያሳያል። የአምስት ቤት ሰው መዳፉን ይዘረጋል። የሰባት ቤት ሰው ሳምንቱን ከእሑድ ጀምሮ ይጠራል። የዐሥራ አንድና የዐሥራ ሦስት ቤት ሰዎች የሚያሳዩት ነገር ስለሌላቸው ይጮኻሉ። በጩኸት ደግሞ የሚችላቸው የለም።

እያንዳንዱ ቤት አንድ አለቃ አለው። አለቃ የሚሆን ሰው ሲሾም እናቱ ያወጣችለትን ስም አስረክቦ ቁጥሩን ይረከባል። አለቃ ሁለት፣ አለቃ ሦስት እያልን እስከ አለቃ ዐሥራ ሦስት ድረስ። ሚስቶቻቸው ሳይቀሩ «አለቃ ሰባት፣ ውኃው ፈላ» እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ከቋጥኙ ሥር ደግሞ እንዲህ የሚል ሕግ አለ፦ አገሩን እኩል እኩል ከፍሎ ትርፍ ያላስቀረ ቤት፣ አገሩ በሱ ቁጥር ይደር።

በየዓመቱ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ አገር ምድሩ ወደ ሰፊው ሜዳ ይወርዳል። አለቆቹ ተራ በተራ፣ አንድ ቀን ለአንድ አለቃ እየሆነ፣ ሕዝቡን ያሰልፋሉ። አንዱ ሲከፍል አምስቱ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ይቀመጣሉ፤ የሌላውን ቤት አከፋፈል ማየት ነውር ነው። አለቃ ሁለት ሰዉን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲያቆም ይውላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሰው ብቻውን ይቀርበታል። በማግስቱ አለቃ ሦስት ሦስት ሦስት አድርጎ ያቆማል፤ አሁንም አንድ ሰው ይተርፋል። አምስት ሞከረ፣ አንድ ተረፈው። ሰባት ሞከረ፣ አንድ ተረፈው። ዐሥራ አንድና ዐሥራ ሦስት እየጮኹ ይጀምሩና አንድ ይተርፋቸዋል፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ስንት እንደተረፈው ደግሞ ማንም ለማንም አይናገርም። የቤት ገመና ነዋ!

ያሸነፈ ስለሌለ ሰዉ ልብሱን አራግፎ ወደየቤቱ ይገባል። የሁለት ቤት ልጅ የዐሥራ ሦስት ቤት ልጅ ያገባል። የሰባት ቤት በሬ ከአምስት ቤት በሬ ጋር ይጠመዳል። ዓመት እስኪደርስ ሁሉም እንደፈቀደው ይኖራል። ይህ ሰላም ከየት እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም። ሰላም እያለ ማን ይጠይቃል? የሚጠየቀው ሲጠፋ ነው።

እንግዲህ ያቺ ትርፍ ማን ነበረች? አትጠገብ ትባላለች፤ የአዋጅ ነጋሪው የጓንጉል ሚስት ናት። ጓንጉል ድምፁ ሲወጣ ወፎች ከዛፍ ይረግፋሉ፤ አጋነንኩ ካላችሁ ግማሾቹ ይርገፉ። የሰልፉን ነጋሪት የሚመታ እሱ ነው። ነጋሪቱ በሕግ መሬት መንካት የለበትም፤ ስለዚህ መትቶ ሲጨርስ ለሚስቱ አሸክሞ እሱ ወደ ሰልፉ ራስ ይሮጣል። አትጠገብ ያንን ግንድ የሚያህል ነጋሪት አዝላ ሜዳውን አቋርጣ ዋርካው ላይ ትሰቅለዋለች፤ ላቧን ጠርጋ ስትመለስ ሰልፉ አልቋል። ከሁሉ ኋላ ትቆማለች። በየዓመቱ እንዲህ ነው። የአለቃ ሁለት ዕለት እሷ፣ የአለቃ ሦስት ዕለት እሷ፣ የሁሉም ዕለት እሷ። አለቆቹ ግን ፊታቸውን ተራራ ላይ ተክለው ስለሚውሉ፣ ለሌላውም የምትተርፈው እሷ መሆኗን አያውቁም። እሷም ብትሆን አልከፋትም። «ጫፍ ላይ ነፋስ አለ» ትላለች።

አንድ ዓመት ግን ዝናቡ ያለ ወቅቱ መጣ። ስድስት ቀን ሙሉ ጭቃ ላይ ማን ይቆማል? ስድስቱም በአንድ ቀን ይክፈሉ ተባለ። ተራራው በጉም ስለተሸፈነ ፊት የሚያዞሩበትም ጠፋ፤ እንዲያው ሳይወዱ በግድ ተያዩ። አለቃ ሁለት ከፈለ፤ አትጠገብ ተረፈች። አለቃ ሦስት ከፈለ፤ አትጠገብ። አለቃ አምስት፣ አትጠገብ። አለቃ ሰባት ገና ሳይከፍል አየት አደረጋት።

«ይህቺን ሴት አውቃታለሁ» አለ።

«ከየት ታውቃታለህ?» አለ አለቃ ሁለት።

«አምናም የተረፈችኝ እሷ ናት።»

«አንተም?»

«እንዴ! አንተም?»

አለቃ ዐሥራ አንድ ጮኸ፤ «ለኔማ ካቻምናም የተረፈችኝ እሷው ናት!»

አትጠገብ ጭቃ በጭቃ ሆና ግራ ገባት። «ጌቶቼ፣ ምነው? ነጋሪቱን ሰቅዬ እኮ ነው የመጣሁት። ዛሬም አረፈድኩ?»

ስድስቱ አለቆች ጥርሳቸውን አፋጩ። ለካስ ስድስት የተለያየ ትርፍ የለም፤ ትርፉ አንድ ሰው ነው! አለቃ ዐሥራ ሦስት ጣቱን ቀሰረባት። «ቁጥሩ ምንም ጥፋት የለበትም። አልከፈል ያለችው ሴትዮዋ ናት!»

ጓንጉል ከሰልፉ ራስ እየሮጠ መጣ። «ጌቶቼ፣ የምትተርፈው ጫፍ ስለምትቆም ነው። እስቲ መሀል ትግባና እዩት።»

መሀል አስገቧት። እንደገና ጥንድ ጥንድ ተቆመ። አሁን ጫፍ ላይ ቀርቶ የተገኘው ቦርጩ ከሱ ቀድሞ የሚራመድ አንድ ጎልማሳ ነው፤ የአለቃ አምስት የወንድም ልጅ ሆኖ ተገኘ።

አለቃ አምስት ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙከራው ተበላሽቷል» አለ። «የወንድሜ ልጅ በተፈጥሮው ትርፍ አይደለም። ሴትዮዋን ወደ ቦታዋ መልሷት።»

መለሷት። ተረፈች። «ይኸው፤ አላልኳችሁም?» አለ አለቃ አምስት።

እዚህ ላይ እኔም ግራ ይገባኛል። ጫፍ ስለቆመች ተረፈች? ወይስ ስለምትተርፍ ጫፍ አቆሟት? ሳስበው ያዞረኛል፤ እናንተ ድረሱበትና ንገሩኝ።

ነገሩ ወደ ንጉሡ ወጣ። ንጉሡ ከሜዳው ዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከድንኳን ሥር፣ ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ቆሎ ሳይቆረጥሙ ፈርደው አያውቁም። ከየትኛው ቤት እንደሆኑ እሳቸውም አያውቁትም፤ የሚያውቅ ቢኖር ደግሞ አይነግራቸውም። ሁሉንም ሰሙና፣ «ከሷ ጋር ሳይተርፍ የሚከፍል ቁጥር ጭራሽ የለም?» ብለው ጠየቁ።

«አለ ጃንሆይ!» ብሎ ጮኸ አለቃ ዐሥራ አንድ። «ሃምሳ ዘጠኝ! ሕዝቡን ሃምሳ ዘጠኝ ሃምሳ ዘጠኝ አድርገን ብናቆመው አምስት መቶ ዘጠኝ ቦታ ይሆናል፣ ሴትዮዋም ትገባለች፣ አንድም ሰው አይተርፍም። አያቴ በድብቅ ሞክሮታል።»

«ታዲያ ምን ቸገራችሁ?»

«ሃምሳ ዘጠኝ ሆኖ የመጣ አባት የለማ፣ ጃንሆይ! አያት የሌለው ቁጥር እንዴት አድርጎ አገር ይከፍላል?»

ስድስቱም አለቆች ራሳቸውን ነቀነቁ። ንጉሡም ነቀነቁ። «እውነት ነው፤ ዘር የሌለው ቁጥር ነው» አሉና አንድ ቆሎ ወረወሩ ወደ አፋቸው። «እንግዲህ ሴትዮዋ ትውጣ። አዋጅ ነጋሪ!»

አዋጅ ነጋሪው ማን ነው? የገዛ ባሏ! ጓንጉል ነጋሪቱን ከዋርካው አወረደ፤ መምቻው ከእጁ ሁለቴ ወደቀ። «ስሙ፣ ያልሰማችሁ ስሙ! አትጠገብ የምትባል ሴት፣ ትርፍ ሆና ስለተገኘች፣ ከዛሬ ጀምሮ ከወንዙ ወዲያ ማዶ እንድትኖር ተፈርዶባታል። ተመልሳ ብትገኝ በአንገቷ!»

አትጠገብ አጠገቡ ቆማ ነጋሪቱን ለመቀበል እጇን እንደዘረጋች ነበር። «መቼም ድምፅህ ዛሬ አምሮበታል» አለችው ቀስ ብላ። «ለሠርጋችን እንኳ እንዲህ አልጮኽክልኝም።»

«ምን ላድርግ አንቺ? ቃሉ የነሱ ነው።»

«አውቃለሁ። በል ነጋሪቱን ራስህ ስቀለው፤ እኔ ትርፍ ነኝ፣ ሥራ አይመለከተኝም።» ነጠላዋን አሸረጠችና ወደ ወንዙ ወረደች።

ማዶ ላይ ቅጠል ቆርጣ ጎጆ ቀለሰች። ወንዙን መሻገር ስለተከለከለ ጓንጉል በየማታው ዳሩ ላይ ይቆምና ከወዲህ ሆኖ ይጮኻል፤ እሷም ከወዲያ። የሱን ድምፅ ታውቁታላችሁ። የሁለቱ የቤት ጉዳይ ሁሉ ለአገር ተነገረ።

«ሽሮው የት ነው ያለው?»

«ከጓዳ፣ ከቅሉ ጀርባ! ጨው አታብዛ!»

«ትናንት አብዝቼ ነበር!»

«ጎረቤት ነግሮኛል!»

ይኼ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረ። በሳምንቱ ግን አለቆቹ እንደገና ሕዝቡን አሰለፉ። ቆጠራ የሚጀምረው ከንጉሡ ነው፤ ከዙፋናቸው ሳይወርዱ «አንድ» ይባላሉ። ጓንጉል ከሰልፉ ራስ ስለሚቆም ሁለተኛ ነው። አለቃ ሁለት ጥንድ ጥንድ እያደረገ ሲወርድ ሲወርድ፣ ጫፍ ደረሰ። ማንም የለም! ትርፍ የለም! እልል ተባለ። አለቃ ሁለት እያለቀሰ መሬት ሳመ። «አገሩ ከዛሬ ጀምሮ ጥንድ ነው!»

«ቆይ» አለ አለቃ ሦስት። «እኔም ልሞክር።» ሦስት ሦስት አድርጎ ቆጠረ። ትርፍ የለም።

አምስት ቆጠረ። ትርፍ የለም።

ሰባት፣ የለም። ዐሥራ አንድ፣ የለም። ዐሥራ ሦስት፣ ኧረ የለም!

እንዴት ነው ብትሉኝ አላውቅም። እኔ የማውቀው ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ እያለ ማንም ሊከፍለው ያልቻለው አገር፣ አትጠገብ ወጥታ ሠላሳ ሺህ ሠላሳ ሲሆን ለሁሉም እንደ ቅቤ መቆረጡን ነው። ስድስቱም አሸነፉ። ሕጉ አሸናፊ ስድስት ይሁን አይልም፤ አይሁንም አይልም። ስለዚህ ስድስቱም ሕግ በአንድ ቀን ጸና።

አሁን መከራውን ስሙ። በአለቃ ሁለት ሕግ ሁለት ሰው ባንድ ሰሐን ይበላል። በአለቃ ሦስት ሕግ ሦስት ሰው ባንድ ቤት ያድራል። በአለቃ አምስት ሕግ አንድ በሬ ለአምስት ሰው ነው። በአለቃ ሰባት ሕግ ሰባት ሰው ካልተገኘ ገበያ አይወጣም፤ በዐሥራ አንድ ሕግ ዐሥራ አንድ ሰው ካልተስማማ እርሻ አይታረስም፤ በዐሥራ ሦስት ሕግ ደግሞ ዐሥራ ሦስቱ አብረው ካልሆኑ ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። ባንቴ የሚባል አንድ ገበሬ ነበረ። የሰሐን ጥንዱ ከተራራው ወዲያ ያለ ሸማኔ ሆነበት፤ ምሳውን ሊበላ ተራራ ይወጣል። ከቤት ሦስቱ ሁለቱ ዐሥር ዓመት የተኳረፉ እህትማማቾች ናቸው። ከበሬው አምስት አንዱ ነጋዴ ነው፤ በሬውን ይሸጥ ይላል።

«ባንቴ፣ እንዴት ሰነበትክ?» አለው አንድ ቀን አንድ መንገደኛ።

«ሌሎቹ ዐሥራ ሁለቱ ሳይመጡ ልመልስልህ አልችልም» አለውና ሄደ።

ንጉሡስ? እሳቸውም አንድ ተብለው ተቆጥረው የለ! የሰሐን ጥንዳቸው ሁለተኛው ሰው ነው፤ ጓንጉል። ንጉሥና አዋጅ ነጋሪ ባንድ ሰሐን ሲበሉ አስቡት። ጓንጉል የሚያመጣው ያንኑ ጨው የበዛበት ሽሮ ነው። በሦስት ሕግ ደግሞ ሦስተኛው ሰው ጥርስ ነቃይ ሆነና ከእልፍኛቸው ገብቶ እያደረ፣ «ጃንሆይ፣ አፍዎን ቢከፍቱልኝ አንዴ» ይላቸዋል በየጠዋቱ። ቆሎ መቆርጠም እንኳ ፈሩ።

ይባስ ብሎ ሁለትና ሦስት ዘመድ ሆኑና ስድስት እንሁን አሉ፤ ስድስትም ከፈለ። ሁለትና አምስት ዐሥር ሆኑ፤ ዐሥርም ከፈለ። ሰባትና ዐሥራ አንድ ሰባ ሰባት ሆኑ፤ እሱም ከፈለ! ማንም ከማንም ጋር ቢባዛ አገሩ እንቢ አይልም። በየቀኑ አዲስ አለቃ ይሾማል፣ አዲስ ገመድ ይዘረጋል፣ እዚህ ጋ የኛ ነው ይባላል። ያንን አገር ትርፍ ሳያስቀሩ መክፈያው መንገድ ስድሳ አራት ነው አሉ ቆጣሪዎቹ። ከስድሳ አራቱ አንደኛው፣ እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ይቁም የሚል ነው፤ እሱ ብዙ ደጋፊ አገኘ። ሌላው ደግሞ ሠላሳ ሺህ ሠላሳው ሁሉ ባንድ ላይ ይቁም የሚል ነው። እሱን የጠየቀ ማንም አልነበረም።

ገመዱ መንደር አቋረጠ፣ ጓዳ አቋረጠ። የሁለት ቤት ባል ከዐሥራ ሦስት ቤት ሚስቱ ተለየ። የዘር ወቅት ደርሶ ዐሥራ አንድ ሰው የተስማማበት እርሻ ጠፋ። ከምንጩ ዳር አምስቶችና ሰባቶች ዱላ ተማዘው ሰው ተፈነከተ። በሽተኛ ሽማግሌዎች ሞትን የሚጠብቁት ነፍሰ ጡሯ በየትኛው ገመድ ውስጥ እንደሆነች እየጠየቁ ሆነ።

በመጨረሻ ንጉሡ ሸንጎ ጠሩ። ሁሉም በሜዳው ላይ ተሰበሰበ፤ እያንዳንዱ በየገመዱ ውስጥ። ጓንጉል ከንጉሡ ጋር ጥንድ ስለሆነ ከዙፋኑ አጠገብ በርጩማ ተሰጥቶት ተቀምጧል።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» አሉ ንጉሡ። «ድሮ ምን ነበረን?»

አለቆቹ ተያዩ። አለቃ ሰባት በዝግታ፣ «ትርፍ ነበረን፣ ጃንሆይ» አለ። «ትርፍ እያለ ማንም ማንንም ከፍሎ አልወሰደም።»

«እንግዲያው ሴትዮዋን አምጧት!»

ጓንጉል ከበርጩማው ዘሎ ወደ ወንዙ ሮጠ፤ ከልጅነቱ ወዲህ እንዲያ ሮጦ አያውቅም ይላሉ። ዳሩ ላይ ቆሞ ጮኸ፤ ሸንጎው ሁሉ ይሰማል።

«አትጠገብ! ተፈቅዶልሻል! ነይ!»

አትጠገብ ከጎጆዋ ወጣች። «አትጠገብ ነይ ነው ያሉት፣ ወይስ ትርፍ ነይ?»

ጓንጉል ዞር ብሎ ሸንጎውን አየ። አለቃ ዐሥራ ሦስት በእጁ ወደ ሰልፉ ጫፍ አመለከተ።

«ጫፍ ላይ ቁሚ ነው የሚሉት!»

«ጫፍ መቆሙን እችለዋለሁ፤ ድሮም ቆሜበታለሁ። ያኔ ግን ያረፈድኩ ሰው ነበርኩ። አሁን ትርፍ ብለው አባረውኛል። አገር ለመሙላት መጥቼ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ልባረር? መሀል አቁሙኝና እመጣለሁ። አለዚያ እዚሁ ነኝ፤ አንተ ሽሮህን ጨው አብዛበት!»

ጓንጉል ተመልሶ መልእክቱን አደረሰ፤ ሁሉም ሰምቶት ነበር እንጂ። አለቆቹ ተንጫጩ። መሀል ከገባች ሌላ ሰው ጫፍ ሊቀር ነው። ማን?

«ከኛ ቤት አይሆንም» አለ አለቃ ሁለት። «ከኛም» አለ አለቃ ሦስት። አለቃ አምስት የወንድሙን ልጅ ከኋላው ደበቀው፤ ቦርጩ ግን አልተደበቀም። ዐሥራ አንድና ዐሥራ ሦስት ይጮኻሉ፤ ምን እንደሚሉ ባይሰማም አይሆንም ማለታቸው ነው።

ንጉሡ ተቆጡ። «አንድ ሰው! ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ትርፍ ሰው ይጠፋል? ካልተገኘ ሴትዮዋም እዚያው ማዶ ትቅር፤ መግቢያ የላትም! አዋጅ ነጋሪ፣ ጥራ!»

ጓንጉል ነጋሪቱን መታ። «ስሙ፣ ያልሰማችሁ ስሙ! ለአገሩ ሰላም ሲል ትርፍ ለመሆን የፈቀደ ይውጣ!»

ማንም አልወጣም። ሰዉ እግሩን ያያል፣ ገመዱን ያያል።

«ድገም» አሉ ንጉሡ፤ ጥርስ ነቃዩ ወዲያ ዞር ሲል ጠብቀው እፍኝ ቆሎ ወደ አፋቸው ጨመሩ።

ደገመ። ሠለሰ። ድምፁ ሻከረ። «ሥራ የሌለው፣ ቢወጣ የማይጎድል፣ ጫፍ ቢቆም ማንም የማይከፋበት ሰው ካለ ይውጣ!» እያለ ከዙፋኑ አጠገብ ሆኖ በየአቅጣጫው ጠራ። ከወንዙ ማዶ አትጠገብ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ታየዋለች። የቀረው ይህ አንድ ጥሪ ነው፤ መልስ ከጠፋ ሚስቱ አትገባም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የሚሰማው የቆሎ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቆርጠም፣ ቆርጠም፣ ቆርጠም፣ ከጓንጉል ጆሮ ሥር።

ጓንጉል መምቻውን አወረደ። ወደ ጎን ዞር አለ። አየ። ከዚያ ወፎቹን ሁሉ ከዋርካው ባስነሣ ድምፅ፦

«እንዴ ጎበዝ! የምንፈልገው ትርፍ ሰው ነው አይደል? ይኸው አጠገቤ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥም የለም እንዴ!»